ኪልዋ ኪሲዋኒ፦ በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ያለው ታላቁ መስጂድና ወደዚያ የሚወስደው የጉብኝት አገልግሎት

በታንዛኒያ ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው ኪልዋ ኪሲዋኒ ደሴት ላይ ያለውን ታላቁን መስጂድ በተከታታይ ሁለት ቀናት ሁለት ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ። ቦታው ያው፣ ባሕሩ ያው፣ ድንጋዩም ያው ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ላወጣሁት ገንዘብም ሆነ ለተጓዝኩት መንገድ የማይመጥን ነበር፤ ሁለተኛው ቀን ግን እስከ ዛሬ ካየኋቸው የአምልኮ ቦታዎች ሁሉ በልቤ ጠልቆ የቀረውን አሳይቶኛል። ልዩነቱን የፈጠረው ማን እንዳሻገረን፣ ማን እንዳስጎበኘን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን ነው። ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው የእኔን የመጀመሪያ ቀን እንዳይደግም ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።

የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ደሴ ተወልዳ ደሴ ያረጀች፣ በወጣትነቷ ለመውሊድ በወሎ እስካለው ጀማ ንጉሥ በእግሯ የተጓዘች ሴት ናት። እኔ ለሥራ በዳሬሰላም ስቀመጥ ልትጠይቀኝ መጣችና ከተማውን ሁለት ቀን አይታ ስትሰለች፣ «አገሩ የእስላም አገር ከሆነ የጥንት መስጂድ አይጠፋውም» አለችኝ። ኪልዋን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ዕድሜዋ ከስድሳ አምስት ያለፈ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሰው ይዞ ባሕር ማቋረጥ የሚያስቸግር መሆኑን ባውቅም አለመሞከሩ ደግሞ ይቆጨኝ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው አስተያየት አዛውንት ይዞ የሚጓዝን ሰው በተለይ ያስባል።

ከዳሬሰላም ከደሴቲቱ ትይዩ በየብሱ ላይ ወዳለችው የኪልዋ ማሶኮ ከተማ ያለው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አስፋልቱ ደህና ነው። ሰፊውን የሩፊጂ ወንዝ በ2003 በተከፈተው በምካፓ ድልድይ ተሻግሮ ይቀጥላል፤ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት በክረምት ደቡቡ ከዳሬሰላም ይቆረጥ እንደነበር አውቶቡሱ ላይ አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት ነገሩን። ናንጉሩኩሩ ከምትባለው መገንጠያ ላይ መንገዱ ወደ ባሕሩ ይታጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የኮኮናት ዛፍና የባሕር ሽታ እንግዳን ይቀበላል። የራስ መኪና ያለው ሰው በግማሽ ቀን ይደርሳል፤ በአውቶቡስ የሚሄድ ግን ቀኑን ሙሉ ለመንገድ መመደብና ማሶኮ ማደር አለበት። በዚያው ቀን ደርሶ ለመመለስ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ያልተጠበቀ ምቾት አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከጠዋት ጀምረው ነው። «ሳ ምቢሊ» ሲሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ እሱም የእኛው የጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ፈረንጅ ጎብኚዎች በዚህ ጉዳይ ጀልባ ሲያመልጣቸው አይቻለሁ፤ እናቴ ግን በደሴ እንደለመደችው ሰዓቷን አይታ ተዘጋጀች። ሰላምታውም እንዲሁ ብዙ እንግዳ አልሆነባትም። በዚያ አገር ወጣት ሁሉ አዛውንት ሲያገኝ «ሺካሞ» ይላል፤ የሚመለስለትም «ማራሃባ» ነው። የወሎ ሰው «መርሃባ» የሚለውን ቃል ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ስለሆነ እናቴ ከመጀመሪያው ሰላምታ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልምጣ። ያደርንበት ሆቴል የጀልባውንም፣ የመግቢያ ፈቃዱንም፣ የአስጎብኚውንም ነገር በአንድ ሒሳብ እጨርስላችኋለሁ አለን። ሒሳቡ ከፍ ያለ ቢሆንም እናቴን ላለማንገላታት ስል ተቀበልኩ። በሁለት ሰዓት ይነሣል የተባለው የሞተር ጀልባ የተነሣው አራት ሰዓት ሲሆን ነው። ላይፍ ጃኬት ስጠይቅ የተሰጠኝ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማሰሪያው የተበጠሰ ነው። እናቴ በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ ከንፈሯ ዱዓ እያደረገ ተሻገርን። መሻገሪያው አጭር ነው፤ ባሕሩም በዚያ በኩል የተከለለ ስለሆነ ረጋ ያለ ነው። ያም ሆኖ አዛውንት የሚያሳፍር ሰው ለሁለት ተሳፋሪ ሁለት ጃኬት ማዘጋጀት ሊያቅተው አይገባም።

ይባስ ብሎ የሰዓቱ መዘግየት ሌላ ጣጣ አመጣ። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይሸሻል። ሞልቶ ሳለ የደረሰ ሰው ከጀልባው ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይራመድና አሸዋው ላይ ነው፤ ከሸሸ በኋላ የደረሰ ግን ጀልባው ርቆ ይቆምበትና ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ፣ ከዚያም በሚያዳልጥ ጭቃና በሾለ ኮራል ላይ መሄድ ግድ ይሆንበታል። እኛ የደረስነው በዚህ ሰዓት ነው። ሁለት የደሴቲቱ ልጆች ሮጠው መጥተው እናቴን በግራና በቀኝ ደግፈው አወጧት፤ ማንም አላዘዛቸውም። ሆቴሉ «አስጎብኚ» ብሎ የላከልን ሰው ግን ጫማውን በእጁ ይዞ ቀድሞን አሸዋው ላይ ቆሞ ስልኩን ይመለከት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልናገር፦ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ሁሉንም ፍርስራሽ በጣቱ እያመለከተ አለፈው። «ይህ መስጂድ ነው፤ ይህ ቤተ መንግሥት ነው፤ ይህ እስር ቤት ነው፤ ቶሎ እንሂድ።» እናቴ ሚሕራቡ፣ ማለትም የሶላቱን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳው ጎድጓዳ፣ የት እንደሆነ ስትጠይቀው አላወቀም።

ያን ቀን ማታ ገንዘቤም፣ የእናቴም ድካም አንገበገበኝ። በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉን ትቼ፣ የመግቢያ ፈቃድ ወደሚሰጠው የማሶኮ ቢሮ ራሴ ሄድኩና ደሴቲቱ ላይ ተወልዶ ያደገ አስጎብኚ እንዲያገናኙኝ ጠየቅሁ። ክፍያውን በደረሰኝ ፈጸምኩ። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ጀልባው ግን በተሳፋሪ ብዛት ሳይሆን በጉዞው ስለሚታሰብ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ለማንም ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፤ በደላላ አትሂዱ፤ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ራሳችሁ ጠይቁ፤ ላይፍ ጃኬቱን ከመሳፈራችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ሁለተኛው ቀን የተሻገርነው በሸራ ጀልባ ሲሆን የእናቴን ፍርሃት ያስለቀቀውም እሱ ነው። የሞተር ጩኸት የለም፤ ሸራው ነፋስ ሲጠጣ ጣውላው በቀስታ ይንቋቋል፤ ባለ ጀልባው ለእናቴ የታጠፈ ምንጣፍ አንጥፎላት፣ ጃኬቷንም ራሱ አስሮላት፣ «ማማ፣ ፖሌፖሌ» አላት፤ ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ ማለቱ ነው።

ከባሕሩ ላይ ሲታይ ደሴቲቱን የሚቀበለው ግዙፍ ካብ ጌሬዛ ይባላል፤ በስዋሂሊ እስር ቤት ማለት ነው። ፖርቱጋሎች በፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ መሪነት በ1505 ከተማዋን ወርረው ከዘረፉ በኋላ በዚህ ዳርቻ ምሽግ ሠሩ፤ ጥቂት ዓመታት ተቀምጠውበት በ1512 ለቅቀው ሄዱ። ዛሬ የሚታየው አብዛኛው ግድግዳ ከብዙ ዘመን በኋላ በኦማን ሰዎች የተሠራ ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚህ ነው፤ እኔ ግን ከሩብ ሰዓት በላይ እንዲቆይበት አልመክርም። የመጡበት ነገር ከኋላው፣ ከባኦባብ ዛፎቹ ባሻገር ነው።

ታላቁ መስጂድ አንድ ጊዜ የተሠራ ሕንፃ አይደለም፤ ይህን የማያስረዳ አስጎብኚም ምንም አላስጎበኘም። በሰሜን በኩል ያለው ትንሹ ክፍል ጥንታዊው ሲሆን ከ11ኛው ወይም ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ ነው። ዘጠኝ ዓምዶች ተሸክመውት 16 ቦታ የተከፈለ ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበረው፤ ግቢ የሌለው፣ ከዳር እስከ ዳር የተሸፈነ መስጂድ ስለነበር በዚያ የባሕር ዳርቻ ካሉት የዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዛሬ ጣሪያው ስለሌለ ፀሐይ ቀጥታ ይገባበታል፤ ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። ከዚህ ክፍል ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ግን ሰው ሳያስበው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ሱልጣን አል ሐሰን ኢብን ሱለይማን ያስጨመረው ሰፊ ክፍል እዚያ ይጀምራል፦ በወርዱ 5፣ በርዝመቱ 6 እየሆነ በ30 የተከፈለ፣ በጉልላትና በቅስት የተከደነ፣ ቅስቱ ከቅስቱ እየተያያዘ ዓይን እስኪደክም የሚሄድ አዳራሽ። ከፊሉ ወድቋል፤ ከፊሉ ቆሟል፤ በቆመው ሥር ጥላው እንደ ምንጭ ውኃ ይቀዘቅዛል።

አስጎብኚያችን ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ በጣም ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንዱ ዓምድ አጠገብ አቁሞን እጃችንን እንድናሳርፍበት ነገረን። ዓምዱ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ልስኑ በተላጠበት ቦታ ትናንሽ ድንጋዮች በኖራ ተያይዘው ይታያሉ። የሱልጣን አል ሐሰን የመጀመሪያ ዓምዶች እንዲህ አልነበሩም፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ ወጥ ኮራል የተጠረቡ ነበሩ። ነገር ግን ጣሪያው ብዙም ሳይቆይ በዚያው ክፍለ ዘመን ተደረመሰ። ከተማዋ እንደገና ስታንሠራራ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በእነዚህ የተገነቡ ባለ ስምንት ማዕዘን ዓምዶች ላይ ጉልላቶቹን መልሰው ሠሩ። ያን ስሰማ ዓምዱን መልሼ ነካሁት። አንድ ትውልድ አባቶቹ ሠርተውት የወደቀውን መስጂድ ሲያነሣ፣ ድንጋዩን እንደ እነሱ ወጥ አድርጎ መጥረቡን ትቶ እንዳይወድቅ አድርጎ መገንባቱን መረጠ።

የድንጋዩ ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለግድግዳው የሚሆነው ሻካራ ኮራል ከየብስ ይቆፈራል። ለሚሕራብና ለጌጥ የሚሆነው ግን በሕይወት ያለ ኮራል ነው፤ ከባሕሩ ሥር ተቆርጦ ይወጣና እርጥብ እንዳለ እንደ ጣውላ በቀላሉ ይጠረባል፤ ነፋስና ፀሐይ ካገኘው በኋላ ይጠነክራል። ኖራውም ያው ኮራል በእንጨት ክምር ላይ ተቃጥሎ የሚገኝ ነው። እናቴ ሚሕራቡ ሥር ተንበርክካ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው የኮራሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ማር እንጀራ ሆነው ታዩን። «ይሄ ከባሕር የወጣ ነው?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ፣ «ሱብሐነላህ» አለች።

እዚህ ላይ እኔም ሳላስበው የቀረ ነገር በእሷ ምክንያት ገባኝ። ሚሕራቡ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ ትይዩ ቆማ ወደ ፀሐይዋ ዞር ብላ ተመለከተች፤ ጀንበሯ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ነበረች። «ልክ እንደ ቤታችን ነው» አለች። እውነትም ነው፤ ደሴ፣ መካና ኪልዋ ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተሰደሩ ስለሆኑ የደሴም ሰው፣ የኪልዋም ሰው ለሶላት ሲቆም ፊቱን የሚያዞረው ወደ ሰሜን ነው። እሷ ከሰባት ዓመቷ ጀምራ የቆመችበት አቅጣጫ፣ እነዚህ ባሕርተኞች ከመካ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በኮራል ያቆሙት አቅጣጫ ሆነ። ሁለት ረከዓ መስገድ ይፈቀድላት እንደሆነ አስጎብኚውን ጠየቅሁት። መልስ ከመስጠቱ በፊት የራሱን ሽርጥ ከቦርሳው አውጥቶ አነጠፈላትና ፊቱን አዙሮ ወደ ውጭ ወጣ። የመንደሩ ሰው ዛሬ የሚሰግደው በሌላ፣ ቀላል በሆነ መስጂድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያጣሁት ይህን ነበር፤ ያ ሰው ፍርስራሽ ሲያሳየን ይህኛው መስጂድ አሳየን።

የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ኪልዋን ያያት በ1331 ነው። ከተማዋን ካያቸው ሁሉ እጅግ ውብ ከሆኑት እንደ አንዷ ቆጥሯታል። ሱልጣኑን አል ሐሰንንም በልግስናው ምክንያት ሰዎች አቡ አል መዋሂብ፣ የስጦታዎች አባት፣ እያሉ ይጠሩት እንደነበር መዝግቧል። ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ እዚሁ መስጂድ ደጃፍ የሆነ ነው። ሱልጣኑ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አንድ የየመን ፈቂር፣ ማለት ምጽዋት የሚጠይቅ ድሃ፣ መንገድ ላይ አገኘውና የለበስከውን ልብስ ስጠኝ አለው። ሱልጣኑ እሺ አለ፤ ተመልሶ ገባ፤ ልብሱን ለውጦ ወጣና የለበሰውን ሰጠው። ሕዝቡ በዚህ ትሕትናው ተደነቀ። ከዚያ በኋላ የሱልጣኑ ልጅ ልብሱን ከፈቂሩ ተቀብሎ በምትኩ አሥር ባሪያዎች ሰጠው፤ ሱልጣኑም ሌላ አሥር ባሪያዎችና ሁለት ጭነት የዝሆን ጥርስ ጨመረለት። ታሪኩን ለእናቴ እዚያው በቆምንበት ነገርኳት። የልብሱን ጉዳይ ስትሰማ ፊቷ በራ፤ የባሪያዎቹን ስትሰማ ግን ዝም አለች፤ ለረጅም ጊዜም ዝም እንዳለች ነበረች። አስጎብኚውም አልሸፋፈነውም። የከተማዋ ሀብት በመጀመሪያ በዛሬዋ ሞዛምቢክ ካለችው ከሶፋላ በኩል ከሚመጣው ወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስም የተገኘ እንደሆነ፣ በኋለኞቹ ዘመናት በተለይም በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይህ ዳርቻ ሰው የሚሸጥበት እንደነበር በግልጽ ነገረን።

የኪልዋ ሱልጣኖች በስማቸው የመዳብ ሳንቲም ያሠሩ ነበር። የአል ሐሰን ሳንቲም በታላቁ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ውስጥ ተገኝቷል፤ በ1944 ደግሞ ጥቂት የኪልዋ ሳንቲሞች በሰሜን አውስትራሊያ በዌሰል ደሴቶች አሸዋ ላይ ተገኝተዋል። ምንኛ ሩቅ እንደሆነ ካርታ ዘርግቶ ማየት ይበቃል። አስጎብኚው ይህን ሲናገር በድምፁ ውስጥ የነበረው ኩራት የራሱን አያት ገድል የሚያወራ ሰው ኩራት ነበር።

መስጂዱ አጠገብ ያለውን፣ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ቦታ ማንም ችላ ብሎ እንዳያልፍ አደራ እላለሁ። ጉድጓድና የውኃ ገንዳ አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ ክብ የሆኑ ሻካራ ድንጋዮች ወለሉ ላይ ተተክለዋል። በአሸዋና በጭቃ የመጣ ሰው እግሩን የሚፈገፍግባቸው ናቸው። ትናንት ጭቃ ውስጥ ስትዳክር የዋለችው እናቴ ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን በአንዱ ድንጋይ ላይ አሸት አሸት አደረገችውና ሥራውን በትክክል እንደሚሠራ መሰከረች።

ከዚያ ወረድ ብሎ ያለው ትንሹ ባለ ጉልላት መስጂድ በደሴቲቱ ላይ ካሉት ሁሉ በተሻለ ሁኔታ የቆየ ነው። ሦስት በሦስት ሆነው በዘጠኝ የተከፈለ፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ጉልላቱ ላይ የሚያብረቀርቁ የሸክላ ሳህኖች ለጌጥ ተለስነውበት ነበር፤ ዛሬ የአብዛኞቹ ቦታ ባዶ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ቀና ብሎ ለማየት አንገትን ያደክማል እንጂ የሚታለፍ አይደለም። ማኩታኒ የሚባለው የኋለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ሰፊ ነው፤ ለእኔ ግን ብዙ አልነገረኝም።

ሁሱኒ ኩብዋ የሚባለው የአል ሐሰን ታላቅ ቤተ መንግሥት የሚገኘው በባሕሩ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከመስጂዱ ራቅ ብሎ ነው። መቶ ያህል ክፍሎች የነበሩት፣ ስምንት ማዕዘን ያለው የውኃ ገንዳ የተሠራለት፣ ነገር ግን ሳይጠናቀቅ የቀረ ሕንፃ ነው። እናቴን አንዲት የመንደሩ ሴት ቤት ጥላ ሥር፣ ትኩስ ማንዳዚና ሻይ ይዛ አስቀምጬ ብቻዬን ሄድኩ። መንገዱ በማንግሮቭ ዳር ያልፋል፤ ጉልበት ለታመመ ሰው አይሆንም። ገንዳው ዳር ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ ደስ ብሎኛል፤ ይሁን እንጂ ጊዜ ያጠረው ሰው አንዱን ብቻ ይምረጥ ቢባል ያለ ማመንታት መስጂዱን እመርጥለታለሁ።

ዩኔስኮ ኪልዋ ኪሲዋኒንና ጎረቤቷን ሶንጎ ምናራን በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው በ1981 ነው። ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ፣ ግድግዳዎቹም እየፈረሱ ስለመጡ በ2004 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ ከብዙ የጥገና ሥራ በኋላ በ2014 ከዝርዝሩ ወጥተዋል። አዲሱ ኖራ ከአሮጌው የሚለይበትን ቦታ አስጎብኚው በጣቱ እየነካ አሳየን። ግድግዳ ላይ አለመውጣት፣ ድንጋይ አለማንሣት ለጎብኚ የሚነገር ተራ ደንብ ይመስላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጎብኚ ለፎቶ ሲል ከቅስቱ ላይ ሲወጣ፣ አብሮት ያለው መሪም ስልኩን ተቀብሎ ፎቶ ሲያነሣው አይቻለሁ። ከሥሩ የተፈረከሰው ኖራ ወደ ሣሩ ሲወርድ እስከ አሁን በዓይኔ ላይ ነው።

ለጉዞው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ውኃ በበቂ መጠን መያዝ፣ ራስን ከፀሐይ መከለል፣ ውኃ ውስጥ ሊገባ የሚችል የማያዳልጥ ጫማ ማድረግ፣ መንደሩ የሙስሊም መንደር ስለሆነ ሴቱም ወንዱም ትከሻና ጉልበቱን ሸፍኖ መሄድ ይገባል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ደረቅና ነፋሻማ ስለሆነ ይመረጣል፤ እኛ የሄድነው በነሐሴ ነው። ምግቡ መልካም ነው፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣና ሩዝ ማሶኮ ውስጥ በየምግብ ቤቱ ይገኛል። እናቴ እንጀራ ባይኖርም አልተቸገረችም፤ ቻፓቲውን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ በዓሣው መረቅ ፈትፍታ በላች።

የሁለተኛውን ቀን ጉብኝት ያለ አንዳች ማመንታት ለማንም እመክራለሁ፤ ሙስሊም ለሆነም ላልሆነም። የመጀመሪያውን ቀን ዓይነት ጉብኝት የሚሸጥላችሁን ሰው ግን «አስጎብኚው ሚሕራቡ የት እንዳለ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አምስት ሰዓት ሙሉ ደሴቲቱ ላይ ቆይተን፣ ባሕሩ ሞልቶ ጀልባው እስከ አሸዋው ድረስ ሲጠጋ ነው የተመለስነው፤ እናቴ ጫማዋን እንኳ ሳታርስ ተሳፈረች። መሐል ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞራ ቅስቶቹ ከዛፉ ጀርባ እስኪጠፉ ድረስ ተመለከተች። ከዚያ ባለ ጀልባውን፣ ሶንጎ ምናራ የሚባለው ደሴት መስጂድ አለው ወይ ብዬ እንድጠይቅላት አዘዘችኝ። አለው፣ አንድም ብቻ አይደለም፣ ግን ራቅ ስለሚል በማለዳ መነሣት ያስፈልጋል ብሎ መለሰና አንድ ጣቱን ከፍ አደረገላት። እኔ ለመተርጎም አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፤ «ነገ በአንድ ሰዓት ነው የሚለው» አለችና ለባለ ጀልባው ራሷን ነቀነቀችለት።